እናት ያጣች የድመት ግልገልን ማትረፍና ማሳደግ

የድመት ግልገል ብቻዋን ስታገኙ እጃችሁን ቶሎ አትዘርጉ። እናቷ ላትሞትም፣ ላትጥላትም ትችላለች። የምታጠባ ድመት ምግብ ፍለጋ ወጥታ ለሰዓታት ልትቆይ ትችላለች። ቦታ የምትቀይር ከሆነ ደግሞ ልጆቿን በአፏ አንጠልጥላ አንድ በአንድ ነው የምታመላልሰው። እናንተ ያያችኋት ተራዋን የምትጠብቀዋን ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ መጀመሪያ ሳትነኩ እይዋት። ፀጉሯ ንጹሕ ከሆነ፣ ሆዷ ሞላ ካለና ጸጥ ብላ ከተኛች እናት በቅርብ አለች። ከቆሸሸች፣ ከከሳች፣ ያለማቋረጥ ከጮኸች ወይም ዝንብ ከወረራት ችግር አለ። አጠገቧ ቆማችሁ አትጠብቁ፤ ሰው እያለ እናትየዋ አትመጣም። ራቅ በሉ፣ ከተቻለም ከማትታዩበት ሆናችሁ ተከታተሉ። ቁጭ ብሎ መጠበቅ የማይመቸው ሰው በግልገሏ ዙሪያ መሬቱ ላይ ስስ ዱቄት በትኖ መሄድ ይችላል። ሲመለስ ዱቄቱ ላይ የመዳፍ ዱካ ካለ እናት መጥታ ነበር ማለት ነው።

ቦታው አደጋ የሌለው ከሆነና ግልገሏ ከሞቀች ሁለት ሦስት ሰዓት መጠበቅ ይቻላል። የማይጠበቅበትም ጊዜ አለ። ሰውነቷ ከቀዘቀዘ፣ ዝናብ ላይ ካለች፣ ጉንዳን ከወረራት፣ ከቆሰለች፣ ውሻ ወይም መኪና ካለበት ቦታ ከሆነች ወዲያው አንሷት።

«ሰው የነካውን ልጅ እናቱ አትቀበልም» የሚባለውን አትፍሩ። ድመት የሰው ሽታ ስላገኘች ብቻ ልጇን አትጥልም። ግልገሏን ከአደጋ አንስታችሁ ጥቂት ሜትር ፈቀቅ ብታደርጓት እናቷ በድምፅዋ ታገኛታለች። እናት ከተመለሰች ደግሞ ከሁሉ የሚሻለው ግልገሏን ለእሷ ትቶ እናትየዋን ማብላትና ውሃ ማቅረብ ነው። የትኛውም ዱቄት ወተት የእናትን ወተት አይተካም። በተለይ በመጀመሪያው ቀን ያለው እንገር በሽታ የሚከላከልላትን አቅም ይሰጣታል፤ ያ ጊዜ ካለፈ በኋላ በዱቄት ወተት ማካካስ አይቻልም። ሌላ የምታጠባ ድመት የምታውቁ ከሆነም ጠይቁ። ብዙዎቹ የሌላ ድመት ልጅ ጨምረው ያጠባሉ።

እናት እንደሌለች ከተረጋገጠ ሥራው የእናንተ ነው። ሥራው ሦስት ነገር ነው፦ ማሞቅ፣ ማጥባት፣ ማሸናት። በዚሁ ቅደም ተከተል። ብዙ ደግ ሰው ግልገሏን ይዞ እንደገባ ወተት ያቀርብላታል። በቀዘቀዘ ሆድ የገባ ወተት ግን ይገድላል።

መጀመሪያ ማሞቅ

አዲስ የተወለደች ግልገል ሲበርዳት አትንቀጠቀጥም። ያ አቅም ገና አልመጣላትም። ሙቀት የምታገኘው ከእናቷና ከወንድም እህቶቿ ሰውነት ነው፤ ብቻዋን ስትቀር በፍጥነት ትቀዘቅዛለች። በመጀመሪያው ሳምንት ጤነኛ ግልገል የሰውነቷ ሙቀት ከ35 እስከ 37 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ነው። ከ34 ሲወርድ አንጀቷ መሥራት ያቆማል፣ መጥባትና መዋጥም ያቅታታል። በዚያ ሰዓት የሰጣችኋት ወተት ወይ ሆዷ ውስጥ ሳይፈጭ ይቀመጣል፣ ወይ ወደ ሳንባዋ ይገባል።

ቴርሞሜትር ባይኖራችሁም መለየት ይቻላል። ንጹሕ ጣታችሁን ቀስ አድርጋችሁ አፏ ውስጥ አስገቡ። የአፏ ውስጥ ቀዝቃዛ ከሆነ ግልገሏ ቀዝቅዛለች። መዳፎቿና ጆሮዋም ይበርዳሉ፣ ሰውነቷ ይዝላል፣ ስታነሷት አትታገልም።

እርጥብ ከሆነች ቀድማችሁ በደረቅ ጨርቅ አድርቋት። ከዚያ ልብሳችሁ ውስጥ አስገብታችሁ ደረታችሁ ወይም ሆዳችሁ ላይ፣ ቆዳ ለቆዳ፣ ያዟት። ላያችሁ ላይ ፎጣ ወይም ጋቢ ደርቡ። ይህ መንገድ ቀርፋፋ ይመስላል፤ የሚያስፈልገውም ቀርፋፋነቱ ነው። በጣም የቀዘቀዘች ግልገል ለመሞቅ ከአንድ እስከ ሦስት ሰዓት ይፈጅባታል። ለማፋጠን ብላችሁ ሙቅ ውሃ ውስጥ አትንከሯት፣ ምድጃ አጠገብ አታስቀምጧት፣ የፀጉር ማድረቂያም አታስጠጉባት። በድንገት የሞቀ ቆዳ ደሙን ከውስጥ አካል ይስባል፤ ልቧ ያንን አይቋቋምም። ቆዳዋም በቀላሉ ይቃጠላል።

ሙቀት ሲመለስላት ታውቁታላችሁ። አፏ ለጣታችሁ ይሞቃል። አፍንጫዋን ወዲያና ወዲህ እያዞረች ጡት ትፈልጋለች። ጣታችሁን ስታስገቡ ለመጥባት ትሞክራለች። ይህን ሳታዩ ወተት አትስጡ።

ከሞቀች በኋላም ዝልፍልፍ ብላ ከቀረች የደሟ ስኳር ወርዶ ሊሆን ይችላል። ትንሽ ስኳር በለብታ ውሃ አሟሙና በጣታችሁ ጫፍ ድዷን ቀቡት። ጠብታ ብቻ ነው፤ አፏ ውስጥ አታፍስሱ። ከትንሽ ደቂቃ በኋላ ድገሙት። እየነቃች ከሄደች ወደ ወተት እለፉ። ካልነቃች የእንስሳት ሐኪም ጋ ውሰዷት፤ መንገድ ላይም ከሰውነታችሁ አትለዩዋት።

መኝታዋን ማዘጋጀት

ግድግዳው ከፍ ያለ ካርቶን ይበቃል። ከታች ለስላሳ ጨርቅ አንጥፉ። ክሩ የተፈታ ወይም ቀዳዳ የበዛበት አይሁን፤ ጥፍሯን ገና ወደ ውስጥ መሳብ ስለማትችል እየያዘ ያስቸግራታል። የሙቅ ውሃ ከረጢት፣ ከሌለም በሙቅ ውሃ የተሞላና በደንብ የተከደነ ጠርሙስ፣ በሁለት ድርብ ጨርቅ ጠቅልላችሁ በካርቶኑ አንድ በኩል ብቻ አስቀምጡ። ሌላው በኩል ያለ ማሞቂያ ይቅር። ዓይኗ ባይገለጥም ሲሞቃት ፈቀቅ ማለት ትችላለች፤ የምትሸሽበት ቦታ ካላገኘች ግን በሙቀት ትሞታለች።

በመጀመሪያው ሳምንት የመኝታዋ ሙቀት ከ30 እስከ 32 ዲግሪ ይሁን። በሁለተኛውና በሦስተኛው ሳምንት ከ27 እስከ 29 ይበቃል። በአራተኛው ወደ 24 ይወርዳል። ውሃውን በየሁለት ሦስት ሰዓቱ ቀይሩ። የቀዘቀዘ ጠርሙስ ሙቀት መስጠቱ ቀርቶ ከሰውነቷ ሙቀት ይወስዳል፤ ሌሊት ላይ ብዙ ሰው የሚረሳው ይህንን ነው። ከጥጥ ወይም ከጨርቅ የተሠራ ትንሽ አሻንጉሊት ወይም የተጠቀለለ ካልሲ ጎኗ ብታስቀምጡላት ተደግፋ ትተኛለች።

ዕድሜዋን መገመት

የምትሰጡት ወተትና ሰዓቱ በዕድሜዋ ይወሰናል። እትብቷ አሁንም ካልወደቀ ከአምስት ቀን አትበልጥም። ዓይኗ የሚገለጠው ከ7 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ ነው፤ አንደኛው ከሌላው ቀድሞ ሊገለጥ ይችላል። ዓይኖቹ መጀመሪያ ሁልጊዜ ሰማያዊ ናቸው። ስትወለድ ጆሮዋ ወደ ራስ ቅሏ የተለጠፈ ነው፤ በሦስተኛው ሳምንት ቀጥ ይላል። በዚያው ሳምንት የፊት ጥርሶቿ ብቅ ይላሉ፣ እየተንገዳገደችም መራመድ ትጀምራለች። ዓይኗ ካልተገለጠ በግድ ለመክፈት አትሞክሩ።

የትኛው ወተት?

ለድመት ግልገል ተብሎ የተዘጋጀ ዱቄት ወተት። የእንስሳት መድኃኒት ቤት ወይም የእንስሳት ሐኪም ጋ ጠይቁ፤ የቀረው ሁሉ ጊዜ መግዣ ነው። የላም ወተት ብቻውን አይሆናትም። ላክቶሱ፣ ማለትም የወተቱ ስኳር፣ ይበዛባታል፣ ፕሮቲኑና ስቡ ደግሞ ያንሳታል። ውጤቱ ተቅማጥ ነው፤ 100 ግራም የምትመዝን ፍጥረት በአንድ ቀን ተቅማጥ ልትሞት ትችላለች። ለሕፃናት የሚሸጠው ዱቄት ወተትም የድመትን ፍላጎት አያሟላም።

ትክክለኛው ወተት እስኪገኝ ድረስ፣ ለአንድ ቀን ያህል ብቻ፣ ይህን መጠቀም ይቻላል፦ 240 ሚሊ ሊትር ስቡ ያልወጣለት የተፈላ ወተት፣ የ2 እንቁላል አስኳል፣ 1 የሻይ ማንኪያ የምግብ ዘይት። ወተቱ በረድ ካለ በኋላ በደንብ ምቱትና አጥልሉት። የእንቁላሉን ነጭ አትጨምሩ።

ዱቄቱን እቃው ላይ በተጻፈው ልክ በጥብጡ። «ትንሽ ወፈር ቢል ያጠነክራታል» ብላችሁ ዱቄት አትጨምሩ፤ የሆድ ድርቀት ያመጣል። ያቀጠናችሁትም አያሳድጋትም። የተበጠበጠው ማቀዝቀዣ ውስጥ ከ24 ሰዓት በላይ አይቆይ። ከምታጠቧት ጊዜ የተረፈውን ድፉት፣ መልሳችሁ አታስቀምጡት።

ማጥባት

እዚህ ላይ ረጋ ብላችሁ አንብቡ። ከቅዝቃዜ የተረፉ ግልገሎች በብዛት የሚሞቱት በዚህ ደረጃ ነው፤ የሚሞቱትም በረሃብ ሳይሆን ትን ብሏቸው ነው።

ጡጦ ወይም መርፌው የወጣለት ስሪንጅ ያስፈልጋችኋል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት እኔ የ1 ሚሊ ሊትር ስሪንጅ እመርጣለሁ። ምን ያህል እንደወሰደች ቁጥሩን ታያላችሁ፣ ፍጥነቱም በጣታችሁ ቁጥጥር ሥር ነው። ጡጦ ከተጠቀማችሁ የጫፉን ቀዳዳ ፈትሹ። ወተት ሞልታችሁ ስትደፉት ጠብ ጠብ ማለት አለበት። ከወረደ ቀዳዳው ሰፍቷል። ሳትጨምቁት ምንም ካልወጣ ጠቧል፤ ግልገሏ ስትታገል ውላ ሳትጠግብ ትደክማለች።

ወተቱ በሰውነት ሙቀት ልክ፣ ወደ 37 ወይም 38 ዲግሪ፣ ይሁን። እቃውን ሙቅ ውሃ ውስጥ አስቀምጣችሁ አሙቁት። ከዚያ አንድ ጠብታ የእጃችሁ አንጓ ውስጠኛው ቆዳ ላይ ጣሉ። ካልሞቃችሁም ካልቀዘቀዛችሁም ደርሷል።

አሁን አያያዙ። ሕፃን ልጅ እንደሚያዘው በጀርባዋ አታስተኟት። በጀርባዋ ተኝታ የዋጠችው ወተት ቀጥታ ወደ ሳንባ መንገድ ያገኛል። ግልገል ከእናቷ የምትጠባው በሆዷ ተኝታ፣ አንገቷን በትንሹ ቀና አድርጋ ነው። እናንተም ጭናችሁ ላይ ወይም ጠረጴዛ ላይ ፎጣ አንጥፋችሁ በሆዷ አስተኟት። በግራ እጃችሁ ከአገጯ በታች ጭንቅላቷን ደግፉ። በቀኝ እጃችሁ የስሪንጁን ጫፍ በአፏ ጎን በኩል አስገቡና ምላሷ ላይ አስቀምጡት። አንድ ጠብታ ግፉ። እስክትውጥ ጠብቁ። ሌላ ጠብታ ግፉ።

በትክክል ስትጠባ የሚታይ ነገር አለ። ምላሷ ከግራና ከቀኝ ተጠቅልሎ ጫፉን ያቅፈዋል። በእያንዳንዱ ጉንጭ ጆሮዎቿ ወደፊትና ወደኋላ ይንቀሳቀሳሉ። የፊት መዳፎቿ ፎጣውን ይገፋሉ። ጆሮዎቿ ሲንቀሳቀሱ ካያችሁ እየዋጠች ነው፤ እጃችሁን አታፍጥኑ፣ በእሷ ልክ ሂዱ። ጆሮዋ ቆሞ በአፏ ጎን ወተት ከፈሰሰ ጫፉን እያኘከች ነው እንጂ እየጠባች አይደለም። አውጡና እንደገና አስተካክላችሁ አስገቡ።

ወተት በአፍንጫዋ ከወጣ ወዲያው አቁሙ። ጭንቅላቷን ወደ ታች ዘንበል አድርጉና አፍንጫዋን ጥረጉ። ተረጋግታ መተንፈስ ስትጀምር ብቻ ቀጥሉ። ከዚያ በኋላ ካስነጠሰች፣ ከሳለች፣ ደረቷ ውስጥ ጠቅ ጠቅ የሚል ድምፅ ከተሰማ ወይም አፏን ከፍታ ከተነፈሰች የሳንባ ምች እየጀመራት ሊሆን ይችላል። ይህ በቤት የሚታከም አይደለም፤ ሐኪም ያያት።

ስለ መጠኑ፦ በየ100 ግራም ክብደቷ በቀንና በሌሊት በድምሩ ከ20 እስከ 25 ሚሊ ሊትር ትፈልጋለች። በየ2 ሰዓቱ ከጠባች በአንድ ጊዜ 2 ሚሊ ሊትር ገደማ ይደርሳታል። 100 ግራም የምትመዝን ግልገል ሆድ በአንድ ጊዜ ከ4 ሚሊ ሊትር በላይ አይችልም። አለቀሰች ብላችሁ አትጨምሩላት። ያለ ልክ ማጥባት ተቅማጥ ያመጣል፣ ሆድ ይነፋል፣ ያስመልሳል። ሲበቃት ሆዷ ሞላ ብሎ ሲነኩት ለስላሳ ነው፤ ከተወጠረና ጠንካራ ከሆነ በዝቷል። ስትጨርስ ትከሻችሁ ላይ አስደግፋችሁ ጀርባዋን በጣታችሁ በቀስታ መታ መታ አድርጉ፤ አየሩ ይውጣላት።

ሰዓቱ ደግሞ እንዲህ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት በየ2 ሰዓቱ፣ ሌሊትም ጭምር። በሁለተኛው በየ2 እስከ 3 ሰዓት። በሦስተኛው በየ3 እስከ 4። በአራተኛው በየ4 እስከ 5። የሌሊቱ ይከብዳል፤ ቤት ውስጥ ሌላ ሰው ካለ ተራ ግቡ። ምሽት ላይ የተጣራ ውሃ በፔርሙዝ፣ የተለካ ዱቄት በትንሽ እቃ፣ የተቀቀለ ስሪንጅ በንጹሕ ጨርቅ አዘጋጅታችሁ ተኙ። ግማሽ እንቅልፍ ላይ ሆኖ ዱቄት መለካት ስህተት ያመጣል። አጥብታችኋት በጨረሳችሁ ቁጥር ስሪንጁንና ጡጦውን በሳሙና አጥባችሁ በፈላ ውሃ አልቅልቁ።

ማሸናት

ብዙ ሰው የማያውቀው ደረጃ ይህ ነው። እስከ ሦስተኛው ሳምንት ግልገል በራሷ አትሸናም፣ ሰገራም አታወጣም። እናቷ እየላሰች ነው የምታስወጣላት። ያንን ሥራ እናንተ ካልሠራችሁላት ፊኛዋ ይወጠራል፣ ሽንቱ መልሶ ይመርዛታል።

ጥጥ ወይም ስስ ጨርቅ በለብታ ውሃ አርጥባችሁ ጨምቁት። ከጭራዋ ሥር ያለውን ቦታ በቀስታ፣ በአጭር በአጭሩ ጥረጉ። መፈተግ አያስፈልግም፤ ቆዳው ይቀላል። ብዙ ጊዜ ከግማሽ ደቂቃ እስከ አንድ ደቂቃ ባለው ጊዜ ሽንቱ ጥጡን ያሞቀዋል። እስኪያልቅ ቀጥሉ። ከዚያ በደረቅ ጨርቅ አድርቁ። ይህን ባጠባችኋት ቁጥር አድርጉ። አንዳንዷ ከመጥባቷ በፊት ካልሸናች ትነጫነጫለች፤ እንዲያ ከሆነ ቅደሙላት።

ጥጡን ሳታዩ አትጣሉት። ሽንቷ ፈዘዝ ያለ ቢጫ ወይም ውሃ የመሰለ መሆን አለበት። ከጠቆረ ፈሳሽ አንሷታል። ሰገራዋ ቢጫ ወደ ቡናማ የሚያደላ፣ እንደ ጥርስ ሳሙና ለስለስ ያለ ነው። በቀን አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ይበቃል። አዲስ ወተት ስትጀምር አንድ ቀን ሰገራ ሳይመጣ ቢቀር አትደናገጡ፤ ሁለት ቀን አልፎ ሆዷ ከተወጠረ ግን ሐኪም ይያት። ውሃ የመሰለ፣ ነጭ ወይም ግራጫ፣ ወይም ደም ያለበት ሰገራ ከመጣ አትጠብቁ።

ሚዛን

የወጥ ቤት ዲጂታል ሚዛን ካላችሁ ከቤቱ ሁሉ እቃ ዋጋ ያለው እሱ ነው። በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት፣ ከመጥባቷ በፊት መዝኑና ጻፉት። ስትወለድ 100 ግራም ገደማ ትመዝናለች። ጤነኛ ግልገል በቀን ከ10 እስከ 15 ግራም ትጨምራለች። አራት ሳምንት ሲሞላት ከ400 ግራም በላይ መድረስ አለባት። አንድ ቀን ሳትጨምር ከዋለች የምትጠባውንና ሙቀቷን ፈትሹ። ከቀነሰች ሌላ ምልክት ባታዩም ታማለች ማለት ነው። ግልገል ሕመሟን ትደብቃለች፤ ሚዛኑ ግን አንድ ቀን ቀድሞ ይናገራል።

ቁንጫ፣ ዓይን፣ መድኃኒት

ቁንጫ ለትልቅ ድመት ማሳከክ ነው፤ ለግልገል ግን ሞት ነው። ደሟን መጦ ይጨርሰዋል። ድዷ ሮዝ መሆኑ ቀርቶ ከነጣ ደም አንሷታል፣ አስቸኳይ ነው። ነገር ግን የቁንጫ ዱቄትም ሆነ ፈሳሽ አታድርጉባት። በተለይ ለውሻ የተሠራና ፐርሜትሪን ያለበት መድኃኒት ድመትን ይገድላል። ጥርሱ በጣም የቀረበ ማበጠሪያ ውሰዱና ቁንጫውን አንድ በአንድ ልቀሙ፣ ሳሙና ባለበት ውሃ ውስጥ ጣሉት። በጣም ከበዛ፣ ሙሉ በሙሉ ከሞቀች ብቻ፣ በለብታ ውሃና በጥቂት የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና እጠቧት። ከአንገቷ ጀምሩ፤ አለዚያ ቁንጫው ወደ ፊቷ ይሸሻል። ፊቷን አታርጥቡ። ቶሎ ጨርሱ፣ በፎጣ አድርቋት፣ ወዲያው ደረታችሁ ላይ መልሷት።

ዓይኗ ከተገለጠ በኋላ በዓይን ኩስ ከተጣበቀ በለብታ ውሃ የረጠበ ጥጥ ለጥቂት ጊዜ አስቀምጡበትና ከውስጥ ወደ ውጭ ጥረጉ። ለእያንዳንዱ ዓይን የየራሱን ጥጥ ተጠቀሙ። ያልተገለጠ ዓይን አብጦ መግል ከታየበት የዕለቱ ዕለት ሐኪም ጋ ሂዱ፤ ዓይኑ ሊጠፋ ይችላል።

የሰው መድኃኒት በግምት አትስጡ። ፓራሲታሞል ለድመት መርዝ ነው። የወስፋት መድኃኒት ከሁለተኛው ወይም ከሦስተኛው ሳምንት ጀምሮ ሊሰጥ ይችላል፤ መጠኑን ግን በክብደቷ አስልቶ የሚሰጣችሁ የእንስሳት ሐኪም ይሁን።

ለራሳችሁም ተጠንቀቁ። ከነካችኋት በኋላ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ። ቤት ውስጥ ሌላ ድመት ካለ ቢያንስ ለሁለት ሳምንት ለዩዋት። ነክሳችሁ ደም ካወጣች ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውሃ ለ15 ደቂቃ እጠቡና ጤና ተቋም ሂዱ። ታሪኳ የማይታወቅ እንስሳ ከነከሰ የእብድ ውሻ በሽታን ችላ አይባልም።

ግልገሎቹ ከአንድ በላይ ከሆኑ አብራችሁ አስተኟቸው፣ አንዱ ሌላውን ያሞቃል። አንዱ የሌላውን ብልት መጥባት ከጀመረ ግን ለዩዋቸው። ቦታው ያብጥና ሽንት ይዘጋል።

ከአራተኛው ሳምንት በኋላ

ጠንቅ ያለው ጊዜ አልፏል፣ አሁን ደግሞ ቤቱ ይቆሽሻል። የጡጦውን ጫፍ መንከስና መቅደድ ስትጀምር ለምግብ ደርሳለች። ለድመት ግልገል የተዘጋጀ እርጥብ ምግብ ከምትጠባው ወተት ጋር ቀላቅሉና ዝርግ ሳህን ላይ አቅርቡላት። መጀመሪያ በጣታችሁ ጫፍ አስልሷት። ትረግጠዋለች፣ አፍንጫዋን ትነክረዋለች፣ ታስነጥሳለች። ታገሷት፤ ወተቱን በአንድ ጊዜ አትቁረጡባት። በቂ መብላቷን ሚዛኑ እስኪያሳያችሁ ድረስ ጡጦው ይቀጥል። ጥልቀት በሌለው ሳህን ንጹሕ ውሃም አኑሩላት። ከበላች በኋላ ፊቷንና ደረቷን በረጠበ ጨርቅ ጥረጉ፤ የደረቀ ምግብ ፀጉሯን ያስነቅለዋል።

ከሦስተኛው ሳምንት መጨረሻ ጀምሮ ግድግዳው አጭር የሆነ እቃ ውስጥ የተቀዳደደ ወረቀት ወይም ንጹሕ አሸዋ አድርጉላት። ሲረጥብ የሚጠጥረውን የድመት አሸዋ ለጊዜው ተዉት። በዚህ ዕድሜ ያገኘችውን ሁሉ ትቀምሳለች፤ ያ ደግሞ አንጀቷ ውስጥ ይጠጥራል። ከበላች በኋላ አምጥታችሁ እዚያ ውስጥ አስቀምጧት። ያሸናችሁበትን ጥጥ ጥግ ላይ ብታደርጉላት ሽታው ይመራታል። አብዛኞቹ ቶሎ ይለምዱታል።

ከሁለተኛው እስከ ሰባተኛው ሳምንት ያለው ጊዜ ሰውን የምትለምድበት ነው። በየቀኑ ዳሷት፣ መዳፎቿን ንኩ፣ አፏን ከፈት አድርጋችሁ እዩ። የተለያየ ሰው ይያዛት። የቤቱን ድምፅ ትስማ። በእጃችሁ ግን አታጫውቷት። ጣት መንከስ አሁን ያስቃል፤ ጥርሷ ሲያድግ ግን ያደማል፣ ለማስተውም ይከብዳል። ገመድ ወይም ኳስ ስጧት። ብቻዋን ያደገች ግልገል ንክሻዋ ምን ያህል እንደሚያም የሚያስተምራት ወንድም እህት ስለሌላት፣ በዕድሜ የምትመስላት ጤነኛ ግልገል ካገኛችሁ አብረው ቢያድጉ እጅግ ይጠቅማታል።

ክትባቷ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ባለው ጊዜ ይጀመራል። በየ3 እና 4 ሳምንቱ እየተደገመ እስከ 16 ሳምንት ይሄዳል። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ብዙ ጊዜ 3 ወር ገደማ ሲሆናት ይሰጣል። ሴት ድመት በ4 ወሯ ልታረግዝ ትችላለች፤ ስለ ማምከን ከሐኪሙ ጋር ቀድማችሁ ተነጋገሩ።

ለሌላ ሰው የምትሰጧት ከሆነ 8 ሳምንት ሳይሞላት አትስጧት። በራሷ መብላት፣ በራሷ መጸዳዳትና ክብደት መጨመር አለባት። ለተረካቢው የክብደት ማስታወሻዋን፣ የወስፋት መድኃኒትና ክትባት የወሰደችበትን ቀን፣ የምትበላውን ምግብ ስምና መጠን በወረቀት ጽፋችሁ ስጡት። ለመጀመሪያው ሳምንት የሚሆን ያንኑ ምግብ አብራችሁ አድርጉ፤ ቤትና ምግብ በአንድ ቀን ከተቀየረ ሆዷ ይረበሻል። የተኛችበትን ጨርቅም ሳታጥቡ ከእሷ ጋር ላኩት።